ከሐይቁ ሌላ መሄጃ የሌለው ዓሣ



ለመሆኑ ገበያ ወጥታችሁ ዓሣ ስትገዙ ሻጩን ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ? ብዙዎቻችን «ስንት ነው?» እንላለን፤ ጠንቀቅ የሚሉት ደግሞ «ዛሬ የወጣ ነው?» ብለው ይጨምራሉ። «ከየትኛው ውኃ የወጣ ነው? ዓይነቱስ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ዓሣ ያው ዓሣ ነው ብለን ስለምናስብ ነው። በዛሬው ዓምዳችን ይህ የተረሳ ጥያቄ ለምን መጠየቅ እንዳለበት እንነጋገራለን። ከምንገዛቸው ዓሦች መካከል በምድር ላይ ከአንድ ሐይቅ በስተቀር ሌላ ቤት የሌላቸው አሉና።

ጥቂት ውኃ፣ ብዙ ዝርያ

ምድራችን በአብዛኛው በውኃ የተሸፈነች መሆኗን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማራሉ። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውኃ እጅግ የሚበዛው ጨዋማ ነው። ከጨው አልባው ውኃም አብዛኛው በበረዶ መልክ የተጋገረ ወይም ከመሬት በታች የተከማቸ ነው። በወንዝና በሐይቅ የምናየው ውኃ ከምድር ውኃ ሁሉ ሲነጻጸር ከ10,000 ሊትር ውስጥ 1 ሊትር ያህል ቢሆን ነው።

እንግዲህ አስቡት! በዚህች ጥቂት ውኃ ውስጥ ከ18,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ከታወቁት የዓሣ ዝርያዎች ሁሉ ግማሽ ያህሉ ነው። ሰፊው ውቅያኖስ በሙሉ የያዘውን ያህል ዝርያ ወንዝና ሐይቅ ብቻቸውን ይዘዋል ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ያለው በውኃው አቀማመጥ ላይ ነው። ውቅያኖሶች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለሆኑ የባሕር ዓሣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ግን በየብስ ተከቦ የሚኖር ነው። ለእርሱ ተራራ ግድግዳ ነው፤ ፏፏቴ የተዘጋ በር ነው፤ ጨዋማው ባሕርም ቢሆን ብዙዎቹ ሊሻገሩት የማይችሉት በረሃ ነው። አንድ ወፍ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በአንድ ቀን ትበራለች፤ ዓሣው ግን እዚያው ተወልዶ እዚያው ይሞታል።

ከአንድ አያት የወረዱ ቤተሰቦችን ገደልና ተራራ ቢለያያቸው ከብዙ ትውልድ በኋላ አነጋገራቸውና ልማዳቸው እንደሚለያይ እናውቃለን። ተመራማሪዎች ስለ ዓሦቹ የሚሉትም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በየውኃው ተለይተው የቀሩ ዓሦች ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ በመልክ፣ በአፍ ቅርጽ፣ በምግብና በአረባብ ተለያይተው የየራሳቸው ዝርያ ይሆናሉ።

ከአማዞን እስከ ማላዊ

የጨው አልባ ውኃ ዓሦች በዓለም ላይ እኩል አልተከፋፈሉም። ከሁሉ የበለጠ ሀብት ያለው በደቡብ አሜሪካው የአማዞን ወንዝ ሲሆን፣ ከ2,000 በላይ ዝርያዎች ይኖሩበታል። በአፍሪካ የኮንጎ ወንዝ ከ1,000 በላይ ዝርያዎችን ይዟል። በእስያ ደግሞ የሜኮንግ ወንዝ ከሀብታሞቹ ተርታ ይመደባል። በአንጻሩ የሰሜን አውሮፓ ወንዞችና ሐይቆች በዝርያ ድሆች ናቸው። ያ አካባቢ በበረዶ ዘመን በግግር በረዶ ተሸፍኖ ስለነበረ ዓሦቹ ተመልሰው የገቡት በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው። ሞቃታማው የምድር ክፍል ግን ረጅም ዕድሜ ያላቸው ወንዞችና ሐይቆች አሉት።

ስለ አሠፋፈራቸው አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። በሳንባ የሚተነፍሱ ዓሦች እንዳሉ ታውቁ ይሆን? ዛሬ በሕይወት ያሉት ስድስት ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ አራቱ በአፍሪካ፣ አንዱ በደቡብ አሜሪካ፣ አንዱ ደግሞ በአውስትራሊያ ይገኛሉ። ውቅያኖስ የማይሻገሩ ዓሦች በሦስት አህጉራት እንዴት ተገኙ? የሥነ ምድር ሊቃውንት እነዚህ አህጉራት በጥንት ዘመን አንድ የተያያዘ ምድር እንደነበሩ ያስረዳሉ። ዓሦቹ ከየምድራቸው ጋር አብረው ተለያዩ።

በምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች ደግሞ ሌላ ድንቅ ነገር እናያለን። በማላዊ ሐይቅ ብቻ ከ800 በላይ የቆሮሶ ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች እንዳሉ ይገመታል። ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት ከዚያ ሐይቅ ውጪ በየትኛውም ሥፍራ አይገኙም። በታንጋኒካ ሐይቅም 250 ያህል የዚሁ ቤተሰብ ዝርያዎች አሉ። አንዱ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴ ይግጣል፤ ሌላው አሸዋ እየዛቀ ያጣራል፤ አንዳንዱ ደግሞ የሌሎችን ዓሦች ቅርፊት እየነጨ ይበላል።

እናቶች ሆይ፣ ይህችን ልብ በሉ። በአገራችን የምናውቃት እናት ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ ሮጠው ወደ አፏ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ ምግቧን ትታ ልጆቿን ታሳድጋለች። በሳህናችን ላይ ተጠብሳ የምትቀርበው ቆሮሶ እንዲህ ያለች እናት ናት።

አንዳንዱ ዓሣ ቤቱ ሐይቅ እንኳ አይደለም። በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ዴቭልስ ሆል የሚባል በዐለት መካከል ያለ አንድ ጠባብ ኩሬ አለ። በዚያ ኩሬ ውስጥ የአውራ ጣት ርዝመት እንኳ የማይሞላ ትንሽ ዓሣ ይኖራል፤ በተፈጥሮ ከዚያ ኩሬ በቀር በዓለም ላይ አይገኝም። አቅራቢያው ያለ እርሻ የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ ሲስብ የኩሬው ውኃ መቀነስ ጀመረ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1976 እ.ኤ.አ. የኩሬው ውኃ እንዲጠበቅ ወሰነ። ያም ሆኖ በ2013 እ.ኤ.አ. በተደረገ ቆጠራ የተገኙት 35 ዓሦች ብቻ ነበሩ። የአንድ ፍጥረት ዘር በሙሉ እጅግ ጥቂት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ወደ ጣና እንመለስ

ይህን ሁሉ ስንሰማ «ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው» እንል ይሆናል። አይደለም። በአገራችን ከ180 በላይ የዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ ይታወቃል። በብዛት የሚገኙት በጋምቤላ በኩል በሚፈሰው በባሮ ወንዝ አካባቢ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሊቃውንትን ዓይን የሳበው ግን የጣና ሐይቅ ነው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የተባለው ሥፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ይህ ፏፏቴ ለእኛ የሚያምር ትዕይንት ነው፤ ለዓሦች ግን የተዘጋ በር ነው። ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። በታችኛው ዓባይ የሚኖረው ትልቁ አዳኝ ናይል ፐርች በጣና የማይገኘው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ከፏፏቴው በላይ ተለይተው የቀሩት ዓሦች ምን ሆኑ? በጣና 28 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩ ከእነርሱ 20 ያህሉ በሌላ የምድር ክፍል አይገኙም። ከሁሉ የሚያስደንቁት የባሕር ዳር ሰዎች በአንድነት «ነጭ ዓሣ» የሚሏቸው ናቸው። ሳይንቲስቶች ላቤዎባርበስ ይሏቸዋል።

ስለ እነዚህ ዓሦች የተጻፈው ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. የተወሰኑትን ለይቶ ስም ሰጥቷቸው ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ግን ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ በአንድ ስም ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ውስጥ ከሆላንድ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ሲመረምሯቸው 15 የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። አፋቸው፣ ጭንቅላታቸው፣ ምግባቸውና የሚኖሩበት ጥልቀት ይለያያል። አንዱ በጎርጎራ ስም ጎርጎሬንሲስ፣ ሌላው በጣና ስም ፃነንሲስ ይባላል።

ከ15ቱ ውስጥ ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ናቸው። ይህም ያልተለመደ ነው። ምክንያቱም የእነዚህ ዓሦች ቤተሰብ፣ ማለትም ካርፕና ዘመዶቹ፣ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ናይል ፐርች ባልደረሰበት በጣና ግን ጥርስ የሌላቸው የአዳኙን ቦታ ያዙ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የዚህ ቤተሰብ ስብስብ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ሳይነካ የሚታወቀው በጣና ነው።

የክረምቱ ጉዞ

ታዲያ እነዚህ ዓሦች ምን ችግር ገጠማቸው? ችግሩን ለመረዳት አረባባቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ15ቱ ሰባቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምቱ ሲገባደድ፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ንጹሕ ውኃ የሚፈስበት ጠጠራማ ሥፍራ ፈልገው እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ። ከዚያም ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

ወደ ወንዙ ለመግባት ግን በወንዙ አፍ ማለፍ አለባቸው። በወንዙ አፍ ደግሞ መረብ ይጠብቃቸዋል። ዓመቱን ሙሉ በሰፊ ሐይቅ ተበትነው የኖሩ ዓሦች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንዲት ጠባብ በር ተጨናንቀው ስለሚያልፉ በቀላሉ ይያዛሉ። የሚያዙትም ሆዳቸው በእንቁላል የተሞላ እናቶች ናቸው። በአንዳንድ ሥፍራም የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ወደ ወንዙ እየተጨመረ ዓሦቹ ሲደነዝዙ ይለቀማሉ። ብርብራ ደግሞ ትልቁን ከትንሹ አይለይም።

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ በጣና ዓሣ የሚጠመደው በአብዛኛው በደንገል ታንኳ ከዳር ከዳር ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ከሆላንድ አብያተ ክርስቲያናት ጭምር ድጋፍ ባገኘ ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ዓላማው የድሃ ዓሣ አጥማጆችን ኑሮ ማሻሻል ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብም እንጀራ ሆነ። ነገር ግን መረቡ በእንቁላል መጣያ ወቅት ወደ ወንዞቹ አፍ ሲሄድ የሚጠብቀው አልነበረም። ተመራማሪዎች በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል ባደረጉት ንጽጽር የነጭ ዓሣ ክምችት በክብደት ሲለካ ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ አገኙ። በተለይ የተመናመኑት ወደ ወንዝ የሚወጡት ናቸው። እነዚህ ዓሦች ለመራባት የሚደርሱት ከዓመታት በኋላ ስለሆነ እንደ ቆሮሶ ቶሎ አይተኩም።

በዚህ ላይ ሌላም ተጨምሯል። ከተራቆተ መሬት የሚታጠበው አፈር ጠጠሩን ይሸፍነዋል። ለግንባታ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠር የዓሦቹን መራቢያ ያፈርሳል። ለመስኖ የሚሠራ ግድብም መንገዱን ሊያቋርጥ ይችላል። በ2011 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ላይ የታየው የእንቦጭ አረምም ዳርቻውን ሸፍኗል።

ጎረቤት ሲያስተምር

«ዓሣ አይደለም እንዴ? ቢያልቅ ከሌላ ቦታ አምጥተን እንጨምራለን» የሚል ሰው አይጠፋም። የቪክቶሪያ ሐይቅን ታሪክ ለዚህ መልስ እናድርገው።

በቪክቶሪያ ሐይቅ 500 ያህል የቆሮሶ ዘመድ የሆኑ ትናንሽ ዓሦች ነበሩ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ምርት እንዲጨምር ተብሎ ናይል ፐርች ወደ ሐይቁ ተጨመረ። ለሃያ ዓመት ያህል ብዙም ለውጥ አልታየም። በ1980ዎቹ ግን ናይል ፐርች በድንገት በዛና ትናንሾቹን ዓሦች ፈጃቸው። በዚሁ ዘመን ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ቆሻሻ ውኃውን አደፈረሰው። ወንድና ሴት በቀለም የሚለያዩት ዓሦችም በድፍርሱ ውኃ ውስጥ ተጓዳኛቸውን መለየት አቃታቸው። 200 ያህል ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል። በእርግጥ ናይል ፐርች ወደ ውጭ አገር ተሽጦ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል። የጠፉትን ግን በዚያ ገንዘብ መግዛት አይቻልም፤ ሌላ ሐይቅ ውስጥ አልነበሩምና።

ልብ በሉ፤ ናይል ፐርች ክፉ ዓሣ አይደለም። በባሮ፣ በታችኛው ዓባይ፣ በአባያና በጫሞ በገዛ ቤቱ ከሌሎቹ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ጥፋቱ የመጣው ሰው ከቤቱ አውጥቶ ወደማያውቁት ቤት ስላስገባው ነው።

የወንዝ መንገድ ሲዘጋ የሚሆነውን ደግሞ ቻይና አይታዋለች። በያንግትዜ ወንዝ እስከ 7 ሜትር ይደርስ ነበር የሚባልለት፣ አፍንጫው እንደ መቅዘፊያ የረዘመ ታላቅ ዓሣ ይኖር ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. ወንዙ በግድብ ሲዘጋ ወደ መራቢያው መውጣት አልቻለም። በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2003 ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያው መጥፋቱን አስታወቀ። ይኸው ድርጅት በ2023 ባወጣው መግለጫ፣ ከተመረመሩት የጨው አልባ ውኃ ዓሦች ከአራቱ አንዱ ለመጥፋት የተጋለጠ ነው ብሏል።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ስንሰማ ጣታችንን ወደ ዓሣ አጥማጁ መቀሰር ይቀናናል። እርሱ ግን ልጆቹን የሚያበላው በዚያ መረብ ነው። በክረምት መረቡን ይሰብስብ ብንለው «በእነዚያ ወራት ምን ልብላ?» ብሎ ይጠይቀናል፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው። ስለዚህ ሸክሙ የእርሱ ብቻ ሊሆን አይገባም። አገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓ.ም. አላት። ጣናም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። አዋጅና መዝገብ ግን በወንዙ አፍ ቆመው አይጠብቁም። የሚጠብቀው የሚያጠምደው፣ የሚሸጠውና የሚገዛው ሰው ነው።

የምንገዛው እኛ ነንና ከምንችለው እንጀምር።

አንደኛ፣ ሻጩን እንጠይቅ። «ከየት የመጣ ነው? ቆሮሶ ነው፣ አምባዛ ነው ወይስ ነጭ ዓሣ?» እንበለው። ገዢ የሚጠይቀውን ሻጭ ማወቅ ይጀምራል፤ ሻጭ የሚጠይቀውንም አጥማጅ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ በነሐሴና በመስከረም ከጣና የመጣ ነጭ ዓሣ፣ ይልቁንም እንቁላል የያዘ ከሆነ፣ በሌላ ብንተካው መልካም ነው። አንዲት እናት ዓሣ ብትተርፍ ብዙ ሺህ እንቁላል ትጥላለች። ገና ያላደጉ ትናንሽ ዓሦችንም ርካሽ ናቸው ብለን አንግዛ። የሚገዛቸው ከጠፋ የመረቡ ዓይን ይሰፋል።

ሦስተኛ፣ ሕያው ዓሣ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ይዘን አንሂድ። በቤታችን በመስተዋት ገንዳ የምናሳድገው ዓሣ ቢሰለቸን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አንልቀቀው። ርኅራኄ ቢመስለንም ለእዚያ ውኃ ነዋሪዎች ጥፋት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ በወንዞቹ አካባቢ የምትኖሩ ወይም ቤተሰብ ያላችሁ ብርብራ ወደ ውኃ መጨመርን ተዉ፤ ሌላውንም ምከሩ። የወንዙን ዳር ሣርና ዛፍ መጠበቅም ዓሣን መጠበቅ ነው፤ አፈሩ ጠጠሩን እንዳያለብሰው ያደርጋልና።

አምስተኛ፣ ለልጆቻችን እንንገራቸው። ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ ብርቅዬነት በኩራት እንነግራቸዋለን። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር ቤት እንደሌለው ሁሉ፣ ፃነንሲስና ጎርጎሬንሲስም ከጣናና ከወንዞቹ በቀር ቤት የላቸውም። ዋልያን በዓይናችን ስለምናየው እናዝንለታለን። ዓሣው ግን ከውኃ በታች ስለሚኖር ሲያልቅ እንኳ የሚያይለት የለም። ባሕር ዳር የምትሄዱ ቤተሰቦች ከጀልባው ሽርሽር በፊት ልጆቻችሁን ወደ ዓሣ ገበያው ይዛችሁ ግቡ፤ አፋቸውን፣ ቅርፊታቸውንና ቅርጻቸውን አነጻጽረው ስንት ዓይነት እንደሆኑ ይቁጠሩ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሰጥተናል ብለን እናስባለን። ዓሣ ያው ዓሣ አይደለም። ማላዊ ያለው ታንጋኒካ የለም፤ ጣና ያለውም በዓለም ሁሉ የለም። ከባሕር የጠፋ ዓሣ ከሌላ ባሕር ሊመጣ ይችል ይሆናል። ከጣና የጠፋ ነጭ ዓሣ ግን የሚመጣበት ሌላ ሥፍራ የለም። በሚመጣው ክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ እናቶቹ ዓሦች እንደ ልማዳቸው ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣሉ። መንገዱን ክፍት አድርገን እንጠብቃቸው።

እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ።